የብቸኛ አብራሪ ፈቃድ ድንበር ሲሻገር

አንድ አብራሪ ያለ ረዳት ብቻውን ለመብረር ያለው መብት፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው፣ በአንድ ወረቀት ላይ የሰፈረ ሳይሆን ሁለት ሰነዶች ሲገጥሙ ብቻ የሚገኝ ነው። የመጀመሪያው የአብራሪው ፈቃድና በላዩ የሚመዘገበው ሬቲንግ፣ ማለትም በየትኛው የአውሮፕላን ክፍል ወይም ዓይነት ሠልጥኖ እንደተፈተነ የሚመሰክረው ማረጋገጫ ሲሆን፣ ሁለተኛው አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ መሆኑ ሲረጋገጥ ቢያንስ ስንት አብራሪ እንደሚያስፈልገው የተደነገገበት ሰነድ ነው። በኢትዮጵያ ለቻርተር በረራ የሚያገለግለው ሴስና ካራቫን ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ አንድ አብራሪ ይበቃዋል ተብሎ የጸደቀ በመሆኑ፣ በዚህ ረገድ ጥያቄ አይነሳበትም።

ይህ መብት ከድንበር ባሻገር የሚጸናው እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት መሠረት ነው፤ ኢትዮጵያም ከስምምነቱ የመጀመሪያ አባል አገሮች አንዷ ናት። የስምምነቱ አንቀጽ 33 አውሮፕላኑ የተመዘገበበት አገር የሰጠውን ወይም ያጸደቀውን ፈቃድ፣ የጋራውን ዝቅተኛ መለኪያ እስካሟላ ድረስ፣ ሌሎች አባል አገሮች እንዲቀበሉት ያስገድዳል። በዚህ ድንጋጌ ውስጥ ዋናው ቃል «የተመዘገበበት» የሚለው ነው። የኬንያ ፈቃድ የያዘ አብራሪ በኬንያ የተመዘገበ ካራቫን ይዞ፣ የበረራ ፈቃድ አግኝቶ፣ በኢትዮጵያ፣ በመንዝ ሰማይ ቢያልፍ ፈቃዱ የጸና ነው፤ ቦሌ አርፎ አጠገቡ የቆመውን፣ በሁሉም ነገር መንትያው የሆነውን፣ ነገር ግን በኢትዮጵያ የተመዘገበውን ካራቫን ለማስነሳት ግን የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃዱን አስቀድሞ ሊያጸድቅለት ይገባል።

የጋራ መለኪያው ላልቶ የተቀመጠ አይደለም። ለንግድ የሚበር ብቸኛ አብራሪ በሌሊት፣ ወይም ውጭውን ማየት ሳይችል በመሣሪያ ብቻ እየተመራ እንዲበር አየር መንገዱ የተቋቋመበት አገር ለይቶ ሊፈቅድለት ያስፈልጋል፤ አውሮፕላኑም ከፍታንና አቅጣጫን ጠብቆ የሚሄድ ኦቶፓይለት፣ አብራሪው እጁን ሳያነሳ የሚናገርበት የጆሮ ማዳመጫና ማይክሮፎን፣ እንዲሁም ካርታውን በየትኛውም ብርሃን ለማንበብ የሚያስችል ማስቀመጫ እንዲኖረው ይጠየቃል። በዓለም አቀፍ የንግድ በረራ ከሌላ አብራሪ ጋር የሚሠራ ሰው እስከ 65 ዓመቱ ሲፈቀድለት ብቻውን የሚሠራው ግን በ60 ዓመቱ እንዲያቆም የተወሰነውም፣ በድንገት ቢታመም መሪውን የሚረከበው ስለሌለ ነው።

በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ደጋ የዚህን ጥንቃቄ ምክንያት በግልጽ ያሳያል። የጓሳ መሬት ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ሲሆን፣ የአቪዬሽን ደንብ የውስጡ የአየር ግፊት በማይጠበቅ አውሮፕላን የሚበሩ ሠራተኞች ከግማሽ ሰዓት በላይ ሲቆዩ ኦክስጅን እንዲወስዱ የሚያዝዘው ከ10,000 ጫማ፣ ማለትም ከ3,048 ሜትር ገደማ ጀምሮ ነው። እንግዲህ የጓሳን ሣር የሚያጭደው ገበሬ የቆመበት መሬት ራሱ ከዚህ ወለል በላይ ነው። ገበሬው አየሩን ተወልዶ ለምዶታል፤ ከቆላ ተነስቶ በደቂቃዎች ውስጥ እዚያ የሚደርሰው አብራሪ ግን የኦክስጅን እጥረት አእምሮውን ሲያደበዝዘው ራሱን ደህና አድርጎ ስለሚቆጥር፣ አጠገቡ ሆኖ ንግግሩ መንተባተቡን የሚያስተውልለት ሰው ከሌለ አደጋው እጥፍ ይሆናል።

ከጋራው መለኪያ ውጭ የተሰጠ ፈቃድ በአንጻሩ ድንበር ላይ ይቆማል። የአሜሪካ የአቪዬሽን አስተዳደር ሁለት አብራሪ እንዲኖራቸው ተደንግጎ ለነበሩ አንዳንድ የሴስና ሳይቴሽን ጄቶች በልዩ ሥልጠና አንድ አብራሪ እንዲበቃቸው የሰጠው ፈቃድ ከደንቡ የተደረገ ልዩ ነጻነት በመሆኑ፣ ሌላ አገር በግልጽ ካልተቀበለው በቀር በዚያ አገር ሰማይ አይሠራም። አንቀጽ 39 እና 40ም መለኪያውን ያላሟላ ፈቃድ ጉድለቱ በላዩ እንዲጻፍበትና ባለቤቱ የሚገባበት አገር ሳይፈቅድ ድንበር እንዳይሻገር ያዝዛሉ። ይህ አደራረግ ትክክል ነው፤ አንድ አገር ለዜጋው ያደረገው ልዩ አስተያየት የሌላውን አገር ሕዝብ ለአደጋ ሊያጋልጥ አይገባም።

የቺካጎ ስምምነት ጨርሶ የማይመለከታቸው አብራሪዎችም አሉ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የእንግሊዝ ሄርኩሊስና የምዕራብ ጀርመን ትራንዛል አውሮፕላኖች፣ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች የመጣያውን ቦታ እያመለከቷቸው፣ ከጓሳ በስተሰሜን በጊሼ፣ ራቤል ላይ እህል በድርብርብ ጆንያ ያለ ፓራሹት ጥለዋል። ስምምነቱ በአንቀጽ 3 ወታደራዊ አውሮፕላንን ከሲቪሉ ስለሚለይ፣ እነዚያ አብራሪዎች በራቤል ሰማይ ዝቅ ብለው የበረሩት በሲቪል ፈቃድ ሳይሆን የኢትዮጵያ መንግሥት ለዚያ ተልዕኮ በሰጠው ልዩ ፈቃድ ነበር።