ጥልቅ ድምፅ በጠባብ ማኅደር

ለፍጥነትና ለቅልጥፍና በተሠራች ትንሽ መኪና ውስጥ፣ ከጆሮ አልፎ ደረትን የሚያንቀጠቅጠውን ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ትልቅ ማጉያ ከነሳጥኑ ለማኖር የሚመኝ ሰው፣ ላይ ላዩን ሲታይ፣ በባሕርያቸው የማይስማሙ ሁለት ነገሮችን ለማስታረቅ የተነሣ ይመስላል። የስፖርት መኪና ውበትም ኃይልም ከትንሽነትና ከቀላልነት የተገኘ ሲሆን፣ ሳብዉፈር የተባለው የዝቅተኛ ድምፅ ማጉያ ግን ሰፊ ቦታን፣ ከባድ ማግኔትንና የማይነቃነቅ ግድግዳን ይሻልና። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ለዓለም የታየችው የጃፓኗ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ዛሬ አራተኛ ትውልዷ ላይ ደርሳለች፤ ርዝመቷ 3.9 ሜትር ያህል፣ መቀመጫዋ ሁለት፣ ክብደቷ ወደ አንድ ቶን፣ የኋላ ዕቃ ማስቀመጫዋም 130 ሊትር ብቻ ነው። መሐንዲሶቿ ግራም በግራም እየቆጠሩ ያቀለሏትን መኪና ባለቤቷ በሳጥን ሊያከብዳት ሲነሣ፣ ቢያንስ የተፈጥሮን ሕግ አስቀድሞ ቢመረምር መልካም ነው፤ ሕጉ በአንድ እጁ የነሣውን በሌላው መልሶ የሚሰጥበት ስፍራ አለና።

በሰከንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ፣ ማለት የ40 ሄርዝ ድምፅ፣ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ሲጓዝ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 8.6 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህም ከመኪናዪቱ ርዝመት ሁለት እጥፍ ይበልጣል። የማጉያው ሾጣጣ ወደ ፊት ሲገፋ የፊቱን አየር ያጨናንቃል፤ በዚያችው ቅጽበት የኋላውን አየር ያሳሳል። እነዚህ ሁለት ተቃራኒ ሞገዶች የሚለያያቸው ግድግዳ ካጡ እየዞሩ ይገናኙና አንዱ ሌላውን ይሽረዋል፤ እጅግ ውድ የሆነው ማጉያ እንኳ ያለ ሳጥን ሲጫወት ድምፁ የሳሳ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን በሳጥኑ ውስጥ የታሰረው አየር ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሾጣጣው ሲገፋው ይገፋል፣ ሲስበው ይስባል፣ በአጭሩ ሞላ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር ከሄንሪ ክሎስ ጋር በማሳቹሴትስ ካምብሪጅ አኩስቲክ ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ ሲያቋቁም፣ መሠረት ያደረገው ይህንኑ የአየር ሞላ ነበር፤ እስከዚያ ዘመን ጥልቅ ድምፅ ለማግኘት የቁም ሣጥን የሚያህል ዕቃ ያስፈልግ የነበረውን፣ እርሱ በመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ በሚቀመጥ ሳጥን ተካው። ሆኖም ሳጥኑ ከልኩ በላይ ሲጠብ ሞላው ይጠነክራል፤ ሞላው ሲጠነክር ደግሞ ማጉያው በደንብ የሚያወጣው ዝቅተኛ ድምፅ ወደ ላይ ከፍ ይላል። የኬኤልኤች ኩባንያ መሥራች ከነበሩት ሦስት ሰዎች አንዱ፣ የታላቁ የፒያኖ ሊቅ የጆሴፍ ሆፍማን ልጅ አንቶን ሆፍማን፣ ይህን «የብረት ሕግ» እየተባለ በሚጠራ ድንጋጌ አጠቃሎታል፦ ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ድምፅና በጥቂት ኃይል የሚገኝ ጩኸት፣ ከሦስቱ ሁለቱን መርጦ ሦስተኛውን መተው ግድ ነው። ጥልቀቱ ሳይነካ የሳጥኑ ይዘት በግማሽ ቢቀነስ፣ ያንኑ ድምፅ ለማውጣት ሁለት እጥፍ ዋት ያስፈልጋል፤ ይዘቱ ሳይለወጥ የድምፁ ድግግሞሽ፣ ማለት በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር፣ በግማሽ ይውረድ ቢባል ግን ዋጋው ስምንት እጥፍ ነው። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል በ1961 እ.ኤ.አ. የጀመረውን ስሌት ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ ስላስፋፋው፣ ዛሬ ማንም ሰው እንጨት ከመቁረጡ በፊት ውጤቱን በወረቀት ላይ ማየት ይችላል፤ ይህን ዕድል ሳይጠቀሙ መጋዝ ማንሣት በእኔ ግምት ገንዘብን በከንቱ ማባከን ነው።

አሁን ልኩን እንውሰድ። ዲያሜትሩ 30 ሴንቲሜትር ለሆነ ማጉያ የተዘጋ ሳጥን ብዙ ጊዜ 28 ሊትር ያህል ይበቃዋል። ይህ ሳጥን 19 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው፣ ኤምዲኤፍ ከተባለው የታመቀ የእንጨት ሰሌዳ እኩል ጎን ሆኖ ቢሠራ፣ ውጭው ወደ 40 ሊትር ይደርሳል፤ 12ቱን ሊትር የበላው እንጨቱ ራሱ ነው፣ ክብደቱም 9 ኪሎ ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ የሞገዱ ርዝመት ይረዳናል፦ ሞገዱ ከሳጥኑ እጅግ ስለሚበልጥ የሳጥኑን ቅርጽ አይለየውም፤ የሚያውቀው ይዘቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ አራት ማዕዘን መሆኑ ቀርቶ፣ ፋይበር ግላስን በሬዚን እየነከሩ በመኪናዪቱ ጎድጓዳ ስፍራ፣ በጎማው ሽፋን ጎን ወይም በመጠባበቂያው ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ልኩን አስይዞ መሥራት ይቻላል። የተሠራውንም ቅርፊት ሩዝ ሞልቶ በሊትር መስፈር ጠማማውን ይዘት ያለ ስሌት ያስታውቃል። የሬዚኑ ትነት ግን ሳንባን ስለሚጎዳ ሥራው በተከፈተ ደጅ፣ በተገቢ ጭንብል ይፈጸም።

ሳጥኑን በፖሊስተር ጥጥ የመሙላት ልማድም ጥልቅ ምክንያት አለው። አየር በፍጥነት ሲታመቅ ይሞቃል፤ ሙቀቱም ግፊቱን አብዝቶ ሞላውን ያጠነክራል። የጥጡ ቀጫጭን ክሮች ሙቀቱን ተቀብለው ሲመልሱ ግን አየሩ ይለዝባል፣ ሳጥኑም ለማጉያው የሰፋ ያህል ይሆንለታል። በንድፈ ሐሳብ ጭማሪው እስከ 40 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ በተግባር ከዚህ ያንሳል፤ ቢሆንም እንጨቱ ከበላው ጥቂቱን ያስመልሳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታ ግን የሚገኘው ከመኪናዪቱ ከራሷ ጠባብነት ነው። የድምፁ ግማሽ ሞገድ ከተሳፋሪው ክፍል ርዝመት ሲበልጥ፣ ሞገዱ በውስጡ መጓዙን ይተውና የክፍሉ አየር ሁሉ በአንድነት እየታመቀና እየላላ ይኖራል። ክፍሉ 2 ሜትር ቢሆን ይህ የሚጀምረው 86 ሄርዝ ገደማ ላይ ሲሆን፣ 5 ሜትር በሆነ የቤት ክፍል ግን እስከ 34 ሄርዝ ድረስ መውረድ ያሻል። ከዚያ ወሰን በታች፣ ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር፣ ፍጹም በታሸገ ክፍል የድምፁ ግፊት በ12 ዴሲቤል ከፍ ይላል፤ የተዘጋ ሳጥን ደግሞ ከራሱ ወሰን በታች በዚያው በ12 ዴሲቤል ይወርዳል። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል ማለት ነው። መስተዋቱና በሩ ስለሚለመጡ፣ በየስንጥቁም አየር ስለሚያመልጥ፣ ጭማሪው በእውነተኛ መኪና ውስጥ ሙሉ አይሆንም፤ ቢሆንም በሳሎን ውስጥ ደካማ የነበረው ሳጥን በስፖርት መኪና ሲጫወት የሚያስደንቀው ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ቀዳዳ ያለውንና ሰፊውን ሳጥን ትቶ ትንሹንና የተዘጋውን መምረጥ፣ ለእንዲህ ያለች መኪና ሽንፈት ሳይሆን ትክክለኛው ጥበብ ነው እላለሁ።

ይህ ጸጋ እንዲገኝ ግን ድምፁ ወደ ተሳፋሪው ክፍል መግባት አለበት። በኤምኤክስ-5 የኋላው ዕቃ ማስቀመጫ ከመቀመጫዎቹ በብረት የተለየ በመሆኑ፣ ብዙ ባለቤቶች ስስ ማጉያ መርጠው ሳጥኑን ከተሳፋሪው እግር ሥር ያደርጉታል፤ በኒሳን 350ዜድ ደግሞ ፋብሪካው ራሱ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ያለውን ስፍራ ለዚሁ አውሎታል። ከሹፌሩ እግር አጠገብ ግን ከቶ ምንም አይቀመጥ። ሳጥኑም የትም ይሁን የት ከመኪናዪቱ አካል ጋር በቡሎን ይታሰር፤ ማጉያውን ጨምሮ 20 ኪሎ የሚመዝን ሳጥን በሰዓት 50 ኪሎሜትር በሚሄድ መኪና ውስጥ ያለው ጉልበት፣ ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚኖረው ጋር እኩል ነውና፣ በግጭት ጊዜ ያልታሰረ ዕቃ በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። ክብደቱ ከጀርባ ጫፍ ይልቅ ዝቅ ብሎ ወደ መካከል ቢቀርብ ደግሞ፣ በፊትና በኋላ እግሮች ላይ እኩል የተከፈለው የመኪናዪቱ ሚዛን አይናጋም።

ጣሪያው የሚገለጥ ከሆነ አንድ ነገር ይቀራል። ሸራው እንደ ተገለጠ የታሰረው አየር ይለቀቅና ያ ሁሉ ጭማሪ ይጠፋል፤ ሾጣጣው ጉድለቱን ብቻውን ለመሙላት ቢገደድ፣ ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር አራት እጥፍ መመላለስ ስለሚኖርበት፣ ከልኩ አልፎ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ለማጉያው ኃይል የሚሰጠው የአምፕሊፋየሩ ልክ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይዘጋጅ፦ አንዱ ጣሪያው ሲዘጋ፣ ሌላው ሲከፈት፣ እርሱም እጅግ ዝቅተኛዎቹን ድምፆች የሚቆርጥ።