የወንዝ ጠባቂ ተቋም እንዴት ይጸናል? ከጓሳ እስከ ተፋሰስ ባለሥልጣን

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ደጋ ዝናቡን ለሁለት ታላላቅ ወንዞች ያካፍላል። ከተራራው ወደ ምዕራብ የሚፈሰው ውኃ በወንጪትና በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል። ወደ ምሥራቅ በገደሉ ቁልቁል የሚወርደው ደግሞ በጀውሃና በአጣዬ አድርጎ ወደ አዋሽ ያመራል። ስለዚህ ይህን ደጋ ማን ይጠብቀዋል የሚለው ጥያቄ የመንዝ ገበሬ ብቻ አይደለም፤ በጀማ ሸለቆ አትክልት የሚያጠጣውም፣ በአፋር ሜዳ ከብት የሚያረባውም መልሱን ይፈልገዋል።

ውኃው የሚጠራቀመው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ባለው የጓሳ ምድር ላይ ነው። ምድሩ ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ ሣር በጉብታ በጉብታ ይበቅላል፤ የዓምናው ደረቅ ቅጠል ሳይወድቅ የዘንድሮው ለምለም በመካከሉ ይወጣል። ጠዋት ጉም ሲያልፍ ጠብታው በቅጠሉ ላይ ይቀራል፤ ዶፍ ሲወርድም ሣሩ ጉልበቱን ይሰብረዋል። ውኃው ከሥሩ ባለው ጥቁር አፈር ቀስ እያለ ይሰርጋል፤ ከዚያ በጨፌውና በምንጩ በኩል በበጋ ይወጣል። ሣሩ ከታጨደ በኋላ መልሶ ያድጋል፤ ሥሩ ከተነቀለና መሬቱ ከታረሰ ግን ዝናቡ በአንድ ቀን ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል፤ ምንጩም ይነጥፋል።

የመንዝ ሰው ይህን ካወቀ ቆይቷል። ቄሮ የሚባለው ሥርዓት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። ባለመብቶቹ የቀደምት አባቶቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች፣ ማለትም በዘር የሚወረሰው የአጽመ ርስት መሬት ባለቤቶች ነበሩ። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን አለቃ ይመርጡ ነበር፤ ጥበቃውም በየአጥቢያው ይከፋፈል ነበር። ጓሳ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ተዘግቶ ይቆያል። ሲከፈት ቤት መክደኛ፣ ገመድ መግመጃና ለዝናብ የሚለበሰው ገሳ መሥሪያ ሣር ይታጨዳል፤ ጨረንፌ የሚባለው ቁጥቋጦ ለማገዶ ይለቀማል፤ ከብት ይሰማራል። ከዚያ እንደገና ይዘጋል። አንድ ትውልድ ያጸደቀውን ውሳኔ ቀጣዩ ትውልድ በየዓመቱ መጠየቅ ሳያስፈልገው ሥርዓቱ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ጸንቷል።

ይሁን እንጂ ድክመትም ነበረው። የአጽመ ርስት መብት የሌለው ሰው ከጓሳው ድርሻ አልነበረውም። ሊጠብቀውም ምክንያት አልነበረውም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን ሲታወጅ የባለርስቶቹ መብት ከሥሩ ተነቀለ፤ ከመብቱ ጋርም ጠባቂው ሥርዓት ፈረሰ። ጓሳውም በገበሬ ማኅበራት እጅ ገባ፤ ያለገደብ መጠቀም ተጀመረ። ሆኖም ሕዝቡ ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ አልረሳም፤ በኋላ በአካባቢው ያሉ ቀበሌዎች የራሳቸውን መተዳደሪያ ደንብና የጥበቃ ምክር ቤት አቋቁመው አካባቢውን እንደገና መዝጋት ጀመሩ። በዚህኛው ሥርዓት የዘር ጥያቄ የለም፤ የዙሪያው ነዋሪ ሁሉ ድርሻ አለው። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የአማራ ክልል መንግሥት የጓሳ መንዝን የማኅበረሰብ ጥበቃ አካባቢ በደንብ አጸናው። ከዚያ ወዲህ ጥበቃው በልማድ ብቻ ሳይሆን በሕግም ቆሟል።

ወንዞቹ በሚሄዱበት ሸለቆ ያሉት የመንግሥት ተቋማት ታሪክ ግን የተለየ ነው። በአዋሽ ላይ የመጀመሪያው ልዩ መሥሪያ ቤት፣ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን፣ በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከአብዮቱ በኋላ ሥራው ወደ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ተዛወረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአዋሽ ተፋሰስ የውኃ ሀብት አስተዳደር ኤጀንሲ በአዋጅ ተፈጠረ። በ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 534 የተፋሰስ ምክር ቤቶችንና ባለሥልጣናትን አመጣ፤ የዓባይም የአዋሽም ባለሥልጣን በዚያ ሥር ተቋቋሙ። ኅዳር 2011 ዓ.ም. ሁሉም የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን በሚል ስም ተዋሐዱ። ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ሥልጣኑ ወደ ውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተሸጋገረ። በእነዚህ ስድሳ ዓመታት የተፋሰሱ ባለሙያ ማኅተሙን፣ አለቃውንና በጀቱን ደጋግሞ ቀይሯል። ወንዝ ግን በሚቀያየሩ ተቋማት አይጠናም፤ የአንድ ምንጭ ፍሰት መለካት ያለበት ለአሥርተ ዓመታት ሳይቋረጥ ነው፤ የተተከለ ችግኝ ፍሬ የሚያሳየውም ከአንድ የበጀት ዓመት ርቆ ነው።

ተቋም እንዲጸና የሚያደርገው የሕግ ቃል ብቻ እንዳልሆነ ከውጭም ማየት ይቻላል። በአሜሪካ በፈረንጆች 1933 የተቋቋመው የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን እስከ ዛሬ ይሠራል። መንግሥታት ሲቀያየሩ ያጸናው ከሕጉ ጋር ከሚሸጠው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው የራሱ ገቢ ነው።

በእኛ አገር ግን በአዋሽ ተፋሰስ መስኖ ተጠቃሚዎች ለረጅም ዘመን ለ1000 ሜትር ኩብ ውኃ 3 ብር ይከፍሉ ነበር። ይህ ክፍያ የውኃውን ዋጋ ያህል አልነበረም፤ የምንጩን ጥበቃ ወጪ ለመሸፈንም አይበቃም ነበር። የጓሳ ጠባቂዎች የሚደገፉት በአብዛኛው በሌላ መንገድ ነው፦ በማኅበረሰቡ ሎጅ ገቢ፣ በጎብኚ፣ እንደ ፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ማኅበር ባሉ አጋሮች። ጎብኚው ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን ለማየት ይመጣል፤ የሚከፍለው ገንዘብ ለሣሩም ጥበቃ ይውላል። መንገዱ ሲዘጋና ሰላም ሲደፈርስ ግን ይህ ገቢ ወዲያው ይቀንሳል።

ዘላቂ የሚሆነው የወንዝ ጥበቃ እንግዲህ ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል። አንደኛው የቀበሌዎቹ ምክር ቤት ከምንጩ እስከ ሸለቆው ባለው የተፋሰስ ዕቅድ ውስጥ ወንበር ማግኘቱ ነው፤ አሁን ጓሳ የሚጠበቀው በተራራው ጫፍ ሲሆን ከዚያ በታች ያሉት የጀማና የወንጪት ገባሮች ተመሳሳይ ሕጋዊ ባለቤት የላቸውም። ሁለተኛው ከታች ውኃ የሚጠቀመው ከሚከፍለው ላይ የተወሰነው ክፍል በሕግ ለላይኛው ደጋ እንዲሄድ መደረጉ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሚኒስቴሮች በአዲስ አዋጅ ሲደራጁ የተፋሰሱ የልኬት መዝገብና ባለሙያ ከተቋሙ ስም ጋር አብሮ እንዳይበተን የሚያደርግ ድንጋጌ መግባቱ ነው።