ስለ ሸመገሉ የጭነት መኪና ነጂዎችና ስለ አንጋፋነት ክብር

ሰው በጕልማሳነቱ የያዘውን ሥራ በእርጅናው መልቀቅ እንዴት እንደሚከብደው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ጸሐፊ ብዕሩን፣ ዳኛ ወንበሩን፣ ገበሬ ዕርፉን ሲለቅ ያዝናል። ነገር ግን የጸሐፊ እጅ ቢንቀጠቀጥ የሚበላሸው ወረቀት ነው፤ የገበሬ ዓይን ቢፈዝ የሚጣመመው ትልም ነው። የጭነት መኪና ነጂ ዓይን የፈዘዘ እንደ ሆነ ግን የሚጠፋው የሰው ነፍስ ነው። ዛሬ በዚህ ለቤተ ሰብ በተመደበው ገጽ ስለ ሸመገሉ ነጂዎች ለመጻፍ ያሰብነው ስለዚህ ነው። ነገሩ የጋራዥና የመንገድ ብቻ ይመስላል፤ ዳሩ ግን መጀመሪያ የሚታወቀው በቤት ውስጥ፣ በማዕድ ዙሪያ ነው።

ኦቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ አጤ ምኒልክ ዘመን፣ ቤንትሌይ በሚባል እንግሊዛዊ እጅ ነው። ከዚያ ወዲህ የነጂነት ሙያ በአገራችን የራሱን ሥርዓትና ማዕርግ አበጀ። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወረራቸው ዘመን የጣርማበርን ተራራ በስተው መንገዱን ወደ ደሴ ካሳለፉት በኋላ፣ በዚያ ቍልቍለት ላይ ስንት ረዳት ታኮ ተሸክሞ ከጎማ ኋላ እንደ ሮጠ የሚያውቀው መንገዱ ብቻ ነው። ወጣቱ ሙያውን የሚማረው በትምህርት ቤት አልነበረም፤ ረዳት ሆኖ ከጭነቱ ላይ እየተኛ፣ ጎማ እየፈታ፣ ሞተር እያጠበ፣ ከዓመታት በኋላ በሜዳ ላይ መሪ ይዞ እንዲሞክር ይፈቀድለታል። ስለዚህ በነጂዎች ዘንድ አንጋፋ ማለት በዕድሜ የበለጠ ማለት ብቻ ሳይሆን ያስተማረ፣ ያበላና ከገደል ያዳነ ማለት ነው።

እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የከባድ መኪና መንገድ ዋነኛ መድረሻው የአሰብ ወደብ ነበር። በዚያ ዓመት ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ መንገዱ ተዘጋና ነጂው ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ መለሰ። የኤሌክትሪኩ ምድር ባቡር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ቢጀምርም፣ ከሸክሙ የሚበዛው ዛሬም የሚጓዘው በመኪና ነው። ከአዲስ አበባ ደጋ የተነሣ ነጂ አዋሽን፣ ገዋኔን፣ ሚሌንና ሰመራን አልፎ ጋላፊ ጠረፍ ይደርሳል፤ እስከ ወደቡ 900 ኪሎ ሜትር የሚያህል ነው። በደጋው ብርድ ልብስ ደርቦ የጀመረውን መንገድ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት በአፋር ሜዳ ከነላቡ ይፈጽመዋል። ሙቀቱን ለመሸሽም ብዙው በሌሊት ይነዳል። በሌሊት ደግሞ ግመል መንገድ ያቋርጣል፤ የተበላሸ መኪናም ያለ መብራት፣ ከኋላው ድንጋይ ተደርድሮለት በመንገዱ መካከል ቆሞ ይገኛል።

ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ። በጎረቤታችን የሚኖሩ አንድ ነጂ አሉ፤ ስማቸውን መጥቀስ አያስፈልግም። ዕድሜያቸው 63 ዓመት ነው። በ17 ዓመታቸው በአሰብ መንገድ ረዳት ሆነው ጀምረው፣ ከ40 ዓመት በላይ መሪ ይዘው ኖረዋል። ያሳደጓቸው ረዳቶች ዛሬ የራሳቸው ረዳት አላቸው። ባለ መኪናው አንድ አዲስ መኪና ባስመጣ ጊዜ፣ እንደ ልማዱ የአዲሱ መኪና ቍልፍ ለአንጋፋው እንደሚሰጥ የተጠራጠረ አልነበረም። ነገር ግን 34 ዓመት የሆነው አንድ ነጂ ተነሥቶ፣ «ጋሼን አከብራለሁ፤ ቢሆንም ሁለት ዓመት ሙሉ የሌሊቱን ጉዞ እየሸፈንሁላቸው እኔ በአሮጌው መኪና እየተቃጠልሁ፣ አዲሱ ለእርሳቸው የሚሰጥበት ምክንያት ምንድር ነው?» አለ። ሽማግሌውም «እኔ ታኮ ስሸከም አንተ አልተወለድህም» ብለው መለሱለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋራዡ ለሁለት ተከፈለ፤ ሰላምታ እንኳ የሚለዋወጡት በወገን ሆነ።

በዚህ ጠብ ውስጥ አንድም ቃል ያልተናገረ አንድ ሰው ነበር። እርሱም የሽማግሌው ረዳት ነው። ይህ ልጅ ሌላው የማያውቀውን ያውቃል። ከመሸ በኋላ ከጎናቸው ተቀምጦ «ጋሼ፣ ግመል»፣ «ጋሼ፣ ወደ ቀኝ»፣ «ጋሼ፣ ድንጋይ አለ» እያለ መንገዱን የሚያነብላቸው እርሱ ነበር። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያበራባቸው እንደሚቆሙ ያህል ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ካለፈም በኋላ ጥቂት ጊዜ የሚነዱት በግምት ነው። አንድ ሌሊት ከገዋኔ ወዲያ መብራት የሌለው መኪና በመንገዱ ላይ ቆሞ ነበር። ልጁ ጮኸ፤ እርሳቸውም መሪውን አዞሩት፤ አለፉ። እስከ ሚሌ ድረስ አልተነጋገሩም። ሚሌ ሻይ ቀርቦላቸው ሳለ ሽማግሌው ቀስ ብለው፣ «ስንት ነበር የቀረን?» ብለው ጠየቁት። «አንድ ክንድ፣ ጋሼ» አላቸው። ሻዩን ሳይጠጡት ተነሡ።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ በዚህ ልጅ ቦታ ራስህን አድርገህ አስብ። ቢናገር ያሳደገውን ሰው እንጀራ ይቈርጣል፤ ከዳተኛም ይባላል። ዝም ቢል ደግሞ አንድ ቀን ያ አንድ ክንድ ይጠፋል። ልጁ ያደረገው መልካም ነገር ይህ ነው፤ ለባለ መኪናው አልተናገረም፣ ለተፎካካሪውም አልተናገረም። ወደ ሽማግሌው ቤት ሄዶ ለታላቂቱ ልጃቸው ነገራት። እርስዋም አስቀድማ ጠርጥራ ነበር። አባትዋ ስኒውን ለማንሣት እጃቸው ከጎኑ ሲያልፍ፣ ደረጃውንም በእግራቸው ፈልገው ሲረግጡ አይታለች። «አባዬ፣ ዓይንዎን ይታዩ» ባለቻቸው ጊዜ ተቈጡ፤ ሁለት ቀንም ከቤተ ሰቡ ጋራ ሳይበሉ ቀሩ። በሦስተኛው ቀን ግን ራሳቸው ጫማቸውን አድርገው፣ «ነይ፣ ውሰጂኝ» አሉ።

ሐኪሙ በሁለቱም ዓይናቸው የሞራ ግርዶሽ አገኘባቸው፤ ስኳር በሽታም እንዳለባቸው ነገራቸው። የዓይን ሞራ ማለት በዓይን ውስጥ ያለው የጠራ መስተዋት የሚመስለው ክፍል ቀስ በቀስ እየደፈረሰ መሄዱ ነው። የሚመጣውን ብርሃን ስለሚበትነው፣ በቀን ደኅና የሚያይ ሰው በሌሊት ከፊቱ መብራት በበራበት ጊዜ ይታወራል። ይህ ደዌ በቀዶ ጥገና ይድናል፤ የደፈረሰው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ይተካለታል። ግላኮማ የሚባለው ግን ከዚህ የከፋ ነው፤ ያለ ሕመም በጎንና በጎን ያለውን እይታ እየበላ ይሄዳል፤ የጠፋውም አይመለስም። ስለዚህ ሳይታመሙ መመርመር ያስፈልጋል።

ዓይን ብቻም አይደለም። የስኳር በሽተኛ መድኃኒት ወስዶ ሳይበላ ቢነዳ፣ ስኳሩ ሲወርድበት ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሐሳቡም ይበታተናል። በእንቅልፉ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ እንኳ በቀን መሪ ላይ ያንቀላፋል። ለሳልና ለጉንፋን ተብሎ የሚወሰድ መድኃኒትም እንቅልፍ የሚያመጣ አለ። ጫት እየቃሙ መንቃትም ድካሙን ያቆየዋል እንጂ አያጠፋውም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ አደጋውን አይቶ ፍሬን ለመርገጥ ግማሽ ሴኮንድ የዘገየ ነጂ፣ እግሩ ሳይንቀሳቀስ 11 ሜትር አልፏል ማለት ነው።

እኛ ለብዙ ዓመት የችሎት መዝገብ ስንጽፍ ኖረናል። በመኪና አደጋ መዝገብ ላይ ደጋግመን የጻፍነው ቃል «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚል ነው። «ዓይኔ እምቢ አለኝ» ብሎ ቃሉን የሰጠ ግን አንድም ሰው አላጋጠመንም። ይህም ነጂዎች ሁሉ ሐሰተኞች ስለ ሆኑ አይደለም። ፍሬን የመኪናው ነው፤ ዓይን ግን የራስ ክብርና የልጆች እንጀራ ነው።

ይህን ስንል ግን ሽማግሌ ሁሉ ከመሪ ይውረድ ማለታችን አይደለም። በልዩ ልዩ አገር የተደረገው ምርመራ እንደሚያሳየው፣ አደጋ የሚበዛው በጣም በወጣቶቹና በጣም በሸመገሉት ነጂዎች ዘንድ ነው፤ በመካከል ያለው ዘመን ከሁሉ የተሻለ ነው። ሽማግሌው ያለውን ዕውቀት ወጣቱ በአንድ ዓመት አያገኘውም። ከቍልቍለት በፊት ማርሽ መቀነስ እንጂ በመውረድ ላይ ሳሉ በፍሬን ብቻ መታመን ፍሬኑን አግሎ ኃይል እንደሚያሳጣው፣ የጭነት ሚዛን በተጣመመበት መኪና ኩርባ እንዴት እንደሚታለፍ፣ ይህን ሁሉ የሚያውቀው ፀጕሩ የሸበተው ነው። ስለዚህ የሚለካው ዕድሜው ሳይሆን ብቃቱ ሊሆን ይገባል።

ሌሎች አገሮችም ነገሩን በዚህ መንገድ ይዘውታል። በእንግሊዝ አገር የከባድ መኪና ነጂ ከ45 ዓመቱ ጀምሮ በየ5 ዓመቱ፣ ከ65 ዓመቱ በኋላ ደግሞ በየዓመቱ በሐኪም ይታያል። ብዙ ወገኖቻችን በዚህ ሥራ በሚተዳደሩበት በአሜሪካ፣ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ጭነት የሚያመላልስ ነጂ ቢያንስ በየ2 ዓመቱ የጤና ማስረጃ ማደስ አለበት፤ ነገር ግን በዚህ ዕድሜ ይቁም የሚል ወሰን አልተደረገበትም። በእኛም አገር የመንጃ ፈቃድ ሲወጣና ሲታደስ የጤና ምርመራ ይጠየቃል። ሆኖም ምርመራው ማኅተም ለማስመታት ብቻ የተደረገ እንደ ሆነ ወረቀቱ ጤነኛ ይሆናል እንጂ ሰውዬው አይድንም።

አሁን ስለ አንጋፋነት እንናገር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ሠራተኛ በሚቀነስበት ጊዜ አስቀድሞ የሚታየው ችሎታና የሥራ ፍሬ ነው፤ በዚህ እኩል የሆኑ እንደ ሆነ ግን በአገልግሎት ዘመኑ ያነሰው አስቀድሞ ይቀነሳል። ይህ ፍርድ ለእኛ ጉዳይም ምሳሌ ይሆናል። ብቃት ይቅደም፤ አንጋፋነት ይከተል። አንጋፋነትን ፈጽሞ የናቀ ባለ መኪና፣ ወጣቱም ነገ እንደሚሸመግል ስለሚያውቅ፣ የማንንም ልብ አያገኝም። ብቃትን የናቀ ደግሞ በሰው ነፍስ ይጫወታል።

ነገር ግን ከሁሉ የሚከብደው የእንጀራ ነገር ነው። የረጅም መንገድ ነጂ ከደመወዙ ይልቅ ቤቱን የሚያቆመው በጉዞ አበሉ ነው። የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ቢሆንም፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት ለግል ባለ መኪና የደከመበት ዘመን አብዛኛውን ጊዜ አይቈጠርለትም። እንዲህ ያለውን ሰው «ዓይንህን ተመርመር» ማለት «እንጀራህን አምጣ» ማለት ይመስለዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ዳሩ ግን በሽታውን የገለጠ እንጀራ የሚያጣ ከሆነ ማን ይገልጣል?

ስለዚህ መኪና ላላችሁና በመሥሪያ ቤት ሹመት ስምሪት ለምታዝዙ ሁሉ የምንመክረው ይህ ነው። ምርመራው ከወጣቱ ጀምሮ ለሁሉ በታወቀ ቀን ይደረግ፤ ያን ጊዜ ለአንዱ ስድብ፣ ለሌላው መሣሪያ አይሆንም። በሕክምና የሚድን ደዌ የተገኘበት ሰው እስኪድን ድረስ ቦታው ይጠበቅለት። ሌሊት መንዳት የማይችለው የቀኑንና የአጭሩን መንገድ ያግኝ። መሪ መያዝ ያቃተው ደግሞ ወጣቶችን ለማስተማርና ለመፈተን ይሹም፤ ሹመቱም አበል ያለው ይሁን እንጂ የባዶ ስም አይሁን። ወጣት ነጂዎችም የሽማግሌውን ድካም ቍልፍ ለመቀማት ምክንያት አታድርጉት። ለቤተ ሰብም እንላለን፤ አባት ስኒውን ሲስት፣ ከመሸ በኋላ መውጣት ሲፈራ፣ መንገድ ላይ ሰው ሲለይ ሲዘገይ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ንገሩት። በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው፣ በቍጣ ሳይሆን በልጅነት ቃል ይሁን።

የጎረቤታችን ነገር እንዲህ ተፈጸመ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ተራ በተራ ታክመው አሁን ደኅና ያያሉ። በስኳሩ ምክንያት ግን ሐኪሙ የሌሊቱን ረጅም ጉዞ ከለከላቸው። የአዲሱ መኪና ቍልፍ ለወጣቱ ተሰጠ፤ በተሰጠበት ቀን እርሳቸው ወደ ጋራዡ አልመጡም። ባለ መኪናው የቀን ሥራ ሰጣቸው፤ አበሉ ግን ከቀድሞው እኩሌታ አይሞላም። ይህን እስካሁን ይቅር አላሉም፤ እኛም አልፈረድንባቸውም። ሆኖም ወጣቱ በአዲሱ መኪና ጭኖ መጀመሪያ ወደ ጣርማበር በወረደ ጊዜ፣ ከጎኑ እንዲቀመጡለት ለምኖ ወሰዳቸው። ያ ረዳት እንደ ነገረን፣ ሽማግሌው መንገዱን ሁሉ ዝም ብለው ተቀምጠው፣ ቍልቍለቱ ሊጀምር ሲል ብቻ «ማርሽ» አሉ። ወጣቱም ሳይመልስ ቀነሰ።

አንጋፋ ሰው ከመሪው ቢወርድም ከመኪናው እንዳይወርድ ማድረግ የእያንዳንዳችን ፋንታ ነውና፣ ክቡራን አንባቢዎቻችን ይህን በየቤታችሁና በየመሥሪያ ቤታችሁ ታስቡት ዘንድ እናሳስባለን።