አራቱ የኬሚካዊ አጸግብሮት ዓይነቶች፤ ጥቅማቸውና ወሰናቸው



የዛሬው ርእሴ ለአብዛኞቻችሁ አዲስ አይደለም። ውሕደት፣ ፍርሰት፣ ነጠላ መተካትና ድርብ መተካት የሚሉትን አራት ስሞች ሁላችሁም ሸምድዳችኋል። እኔ የምጠይቀው ስሞቹን ማወቃችን ምን እንድናይ ያስችለናል፣ ምንስ ይጋርደናል? የሚለውን ነው።

በኖራ ድንጋይ እንጀምር። ካልሲየም ካርቦኔት ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ወደ ካልሲየም ኦክሳይድና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለያያል። አንዱ ውህድ ሁለት ሆኗልና ይህ ፍርሰት ነው። 100 ግራም ንጹሕ ድንጋይ ሙሉ በሙሉ ቢፈርስ በምድጃው የሚቀረው 56 ግራም ነው። ቀሪው 44 ግራም አልጠፋም፤ ጋዝ ሆኖ ወጥቷል። በቀረው ላይ ውሃ ሲጨመር ብዙ ሙቀት እያወጣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ሁለቱ አንድ ሆነዋልና ይህ ውሕደት ነው። ይኸው ኖራ በግንብ ድንጋዮች መካከል ሲገባ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ፣ ውሃ እየለቀቀ፣ ቀስ በቀስ ተመልሶ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል። የጎንደር አብያተ መንግሥት ድንጋዮች የተያያዙት በኖራ ነው። ይህ የመጨረሻ ለውጥ ግን ውሃ ስለሚለቅ ውሕደት ብቻ ልንለው አንችልም። መደቦቻችን ወሰን እንዳላቸው የመጀመሪያው ምልክት ይህ ነው።

ነጠላ መተካትን ለማየት የብረት ምስማር በሰማያዊ የኮፐር ሰልፌት ሙሙት ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። ሰማያዊው ቀለም ይደበዝዛል፤ ምስማሩም ቀላ ያለ መዳብ ይለብሳል። ብረት ኤሌክትሮን በመስጠት ከመዳብ ስለሚቀድም ቦታውን ወስዷል። የመዳብ ሽቦ በአይረን ሰልፌት ሙሙት ውስጥ ቢቀመጥ ግን ምንም አይለወጥም።

በድርብ መተካት ሁለት ውህዶች አጋር ይለዋወጣሉ። የሲልቨር ናይትሬትና የገበታ ጨው ሙሙቶች ሲገናኙ ነጭ ዝቃጭ ወዲያው ይታያል። ለውጡን ወደፊት የገፋው በውሃ የማይሟሟው ሲልቨር ክሎራይድ ነው። በአንጻሩ የገበታ ጨውንና የፖታሲየም ናይትሬትን ሙሙቶች ብትቀላቅሉ፣ በወረቀት ላይ አጋሮቹን መለዋወጥ ትችላላችሁ፤ በብርጭቆው ውስጥ ግን አንዳች አዲስ ነገር አይፈጠርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። የበረኪና ዋና ንጥረ ነገር ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። አንዳንድ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃዎች ደግሞ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አላቸው። ሁለቱ ቢቀላቀሉ ምን ይሆናል ብዬ ስጠይቅ፣ ብዙ ተማሪዎች አጋር አለዋውጠው «የገበታ ጨውና ሃይፖክሎረስ አሲድ» ብለው ይጽፋሉ። እኩልታው ሚዛኑን የጠበቀ ነው፤ ነገር ግን በመንገዱ እኩሌታ ላይ ቆሟል። ሃይፖክሎረስ አሲዱ ከተረፈው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ተገናኝቶ ውሃና ክሎሪን ጋዝ ይሰጣል። በአንዱ ውስጥ የኦክሲዴሽን ቁጥሩ አንድ ፖዘቲቭ የሆነ ክሎሪን፣ በሌላው ውስጥ አንድ ኔጋቲቭ ከሆነው ጋር በኤሌክትሮን ዝውውር ዜሮ ላይ ይገናኛሉ። ይህ ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፤ በጠባብና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። የአጋር መለዋወጥን ብቻ የሚያይ ዓይን አደጋውን አያይም።

ስለዚህ አራቱን ዓይነቶች ጣሏቸው አልልም፤ መነሻ እንጂ መድረሻ አታድርጓቸው እላለሁ። ማንኛውንም አጸግብሮት ስትመድቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ እያንዳንዱ አቶም የት ደረሰ? ከሙሙቱ ዝቃጭ ወይም ጋዝ ሆኖ የተለየ አለ? ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛውሯል? እነዚህን የሚመልስ ተማሪ የመደቡን ስም ለጊዜው ቢዘነጋ እንኳ፣ በረኪናውንና አሲዱን በአንድ ባልዲ አይቀላቅልም። በቤቱ ላሉትም ምክንያቱን ማስረዳት ይችላል።