ያልመታው ቦምብ ያሰጠመው መርከብ

የባሕር ዳርቻን ከጠላት የጦር መርከብ የሚጠብቀው ምንድን ነው? በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ለዚህ ጥያቄ ይሰጥ የነበረው መልስ በወደብ አፍ የተተከለ ከባድ መድፍና ብረት ለበስ መርከብ የሚል ነበር። አሜሪካዊው ብርጋዴር ጄኔራል ዊሊያም ሚቼል ግን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ሌላ መልስ ይዞ ቀረበ፤ አውሮፕላን። በአንድ ታላቅ የጦር መርከብ ዋጋ አንድ ሺህ ያህል ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን መሥራት ይቻላል ሲልም ይሞግት ነበር።

ሙግቱ ለፈተና የቀረበው በሐምሌ ወር 1921 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከጀርመን የተወሰደችው «ኦስትፍሪስላንድ» ከቨርጂኒያ ጠረፍ ባሻገር መልሕቋን ጥላ ቆመች። ቀላል ቦምቦች የረባ ጉዳት ሳያደርሱባት ቀሩ። በሁለተኛው ቀን ግን እያንዳንዳቸው 900 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝኑ ቦምቦች ተጣሉ፤ መርከቧም ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሰጠመች።

የሚያስገርመው፣ ከባዱን ጉዳት ያደረሱት ከጎኗ ውኃ ውስጥ የወደቁት መሆናቸው ነው። ውኃ እንደ አየር በቀላሉ አይታመቅም። ስለዚህ የፍንዳታው የግፊት ሞገድ ብዙም ሳይለዝብ ወደ መርከቧ አካል ይደርሳል፤ ፍንዳታው የፈጠረው የጋዝ አረፋም እየሰፋና እየተኮማተረ ብረቱን ደጋግሞ ያናውጠዋል። ወፍራሙ የብረት ጥሩር ደግሞ የተሠራው የመድፍ ጥይትን ለመመከት እንጂ ከታች ለሚመጣ ግፊት አልነበረም። የሚቼል ሰዎች ይህን ያውቁ ስለነበር ሆን ብለው ከመርከቧ አጠገብ አነጣጠሩ።

ይሁንና ሙከራው የለካው ምንን ነው? መርከቧ አትንቀሳቀስም፤ አትተኩስም፤ የሚገባውን ውኃ የሚቀዳ ባሕርተኛም አልነበረባትም። የባሕር ኃይሉ መርማሪዎች ከየምቱ በኋላ ጉዳቱን እየመዘገቡ ለመሄድ ቢያቅዱም፣ በመጨረሻው ዙር ቦምቦቹ ተከታትለው ስለወረዱ ብዙው መረጃ አብሮ ሰጠመ። በእኛ አስተያየት ይህ ከሙከራ ይልቅ ትርኢት ይመስላል።

ሚቼል አለቆቹን በአደባባይ በመንቀፉ በ1925 በጦር ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ፤ በ1936ም ሞተ። የጎደለው ማስረጃ የተገኘው ታኅሣሥ 10 ቀን 1941 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከኢንዶቻይና የተነሡ የጃፓን አውሮፕላኖች እየተጓዙና እየተኮሱ የነበሩትን የእንግሊዝ መርከቦች «ፕሪንስ ኦፍ ዌልስ»ንና «ሪፐልስ»ን አሰጠሙ። ዋናውን ሥራ የሠራው ግን ቶርፔዶ ነበር። በሰኔ 1942 በሚድዌይ ጦርነት ከከፍታ ቦምብ የጣሉት የአሜሪካ ቢ-17 አውሮፕላኖች፣ እየተጠማዘዙ ከሚያመልጡት የጃፓን መርከቦች አንዱንም አልመቱም።