የበግ ጨጓራ ነዋሪዎች

ለዐረፋ የታረደ በግ ሆድ ሲከፈት የሚወጣውን አረንጓዴ ፈርስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጨጓራው ሲታጠብ ፈርሱ ይጣላል፤ ስለ እርሱ የሚያስብም የለም። ይሁን እንጂ ከዚያ ፈርስ የተጨመቀች አንዲት ጠብታ ገና ትኩስ ሳለች በማይክሮስኮፕ ብትታይ፣ ወዲያ ወዲህ በሚዋኙ ፍጥረታት ተሞልታ ትገኛለች። በዚህ እትማችን ስለ እነርሱ ጥቂት ልናካፍላችሁ ወደድን።

እነዚህ ፍጥረታት ሲሊየት ይባላሉ። መላ አካላቸው አንዲት ሕዋስ ብቻ ናት። ሽፋሽፍት በመሰሉ ደቃቅ ፀጉሮቻቸው እየቀዘፉ ይዋኛሉ፤ ምግባቸውንም ወደ አፋቸው ይሰበስባሉ። በከብት ጨጓራ ውስጥ መኖራቸውን በመጀመሪያ የገለጹት ግሩቢና ደላፎን የተባሉ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ይህም የሆነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1843 በፈረንሳይ ነበር። በአንድ ሚሊ ሊትር የጨጓራ ፈሳሽ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ100 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ሲሊየቶች ይገኛሉ።

ታዲያ ሥራቸው ምንድን ነው? በግ ሣርና ገለባ ቢበላም፣ ጠንካራውን የሣር ክፍል የሚፈጭበት የራሱ ቅመም የለውም። ይህን የሚሠሩለት ባክቴሪያዎች፣ ፈንገሶችና ሲሊየቶች ናቸው። ጨጓራው 39 ዲግሪ ያህል ሙቀት ያለው፣ ምግብ የማይጓደልበት ቤት ይሆናቸዋል። እነርሱ ደግሞ ሣሩን አብላልተው በኮምጣጤ ውስጥ ያለውን የመሳሰሉ አሲዶች ያወጣሉ፤ በጉም እነዚህን በጨጓራው ግድግዳ መጥጦ ጉልበት ያደርጋቸዋል።

እንግዳ ደግሞ እንግዳ አለው። በሲሊየቶቹ አካል ላይና ውስጥ ይበልጥ ጥቃቅን የሆኑ ፍጥረታት ተጠግተው ይኖራሉ። ሲሊየቱ የሚያስወጣውን ሃይድሮጂን ወስደው ሚቴን የተባለ ጋዝ ይሠሩበታል፤ በጉም ጋዙን በግሳት ያስወጣዋል። ሚቴን የምድርን ሙቀት ከሚጨምሩ ጋዞች አንዱ በመሆኑ፣ ተመራማሪዎች ሲሊየቶችን ከጨጓራ አጥፍተው ሞክረዋል። እንስሳው ያለ እነርሱ መኖር ቻለ፤ ሚቴኑም ብዙ ጊዜ ቀነሰ። ሆኖም የሣሩ መፈጨት አብሮ ደከመ።

ግልገል ሲወለድ ሲሊየት የለውም። እናቱ ስትልሰው፣ ከመንጋው ጋርም ሲመገብ በምራቅ ይተላለፉለታል። ከሌሎች ፈጽሞ ተለይቶ ያደገ ግን ሳያገኛቸው ይቀራል።

ይህ ዕውቀት ለቤታችንም ይጠቅማል። ሣር ሲግጥ የኖረ በግ ለበዓል ተገዝቶ ሲመጣ «ይወፍርልን» ብለን ገብስ ወይም በቆሎ በአንድ ጊዜ እንከምርለታለን። እህሉ በመጠን ከሆነ ሲሊየቶቹ ስታርቹን ውጠው ቀስ ብለው ስለሚያብላሉት ለበጉ መከታ ይሆኑታል። ከመጠን ሲያልፍ ግን ጨጓራው በአሲድ ይሞላል፤ ሲሊየቶቹ ያልቃሉ፤ በጉም መብላትና ማመንዠክ ያቆማል፤ ከበዓሉ በፊት ሊሞትም ይችላል። ቤተሰቡ ለወራት ያጠራቀመው ገንዘብ አብሮት ይጠፋል።

ስለዚህ ወላጆችም ሆናችሁ በጉን የምትጠብቁ ወጣቶች፣ ሣር ወይም ድርቆሽ አታቋርጡበት። እህሉን በጭብጥ ጀምራችሁ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩለት። በጉን ስንመግብ በሆዱ ያሉትንም እየመገብን ነውና፣ አዲሱን ምግብ እስኪለምዱት ጊዜ እንስጣቸው።