ስለ ወንዝ ድብልብል ድንጋይና ስለሚሰጠው ምልክት

በስሜን ተራሮች ግርጌ፣ በደባርቅና በዳባት ወረዳዎች፣ በወንዝ ዳር፣ አንዳንድ ጊዜም ከወንዝ በራቀ እርሻ ውስጥ ልሙጥና ድብልብል ድንጋይ ይገኛል። ገበሬው ከማሳው እየለቀመ ወደ ድንበር ይጥለዋል። ነገር ግን ይህ ድንጋይ ውኃ በዚያ ማለፉን የሚመሰክር ነውና፣ መሬት የሚመራ ሹም ምልክቱን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

የስሜን ተራራ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ እየተደራረበ የቆመ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በሊማሊሞ ገደል በተቈረጠው መንገድ የሚሄድ ሰው ንብርብሩን በዓይኑ ያያል። ከገደል ተሰንጥቆ የሚወድቀው ድንጋይ ማዕዘኑ ስለታም ነው። ጎርፍ ወደ ወንዝ ሲያገባው ግን ከባልንጀራው ጋራ እየተጋጨ፣ በአሸዋም እየተፋቀ፣ አስቀድሞ ማዕዘኑ ይሰበራል፤ በኋላም ገላው ይለሰልሳል። ዳዊት ለወንጭፉ ከወንዝ የመረጠው እንዲህ ያለውን ነው።

ሁሉ ድብልብል ግን የወንዝ አይደለም። ጥቁር ድንጋይ ባለበት ቦታ በአፈር ውስጥ ሲበሰብስ እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ይደበለብላል። የዚህ ገላው ሻካራ ነው፤ ቅርፊቱም ይፈረፈራል። የወንዙ ድንጋይ ግን ልሙጥ ሆኖ፣ ትልቁ ከትንሹ ጋራ፣ ከአሸዋም ጋራ ተቀላቅሎ ይገኛል፤ ጠፍጣፋዎቹም ተደራርበው ገጻቸውን ወደ ውኃው መምጫ አዘንብለው ይተኛሉ። በዚህም የጥንቱ ወንዝ ከወዴት ወደ ወዴት ይፈስ እንደ ነበረ ይታወቃል።

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ሦስት ነው።

አንደኛ፤ ለቤት፣ ለጎተራ ወይም ለገበያ በተመረጠ ቦታ ከአፈሩ ሥር ድብልብል ድንጋይ ቢገኝ፣ የወንዙን አካሄድ መመርመርና የአገሩን ሽማግሎች መጠየቅ ነው። መሬቱ ከወንዙ እጅግ ከፍ ያለ እንደ ሆነ አያሰጋም፤ ዝቅተኛና ቅርብ ከሆነ ግን የሄደው ጎርፍ ሊመለስበት ይችላል።

ሁለተኛ፤ የድንጋዩ ትልቅነት የጎርፉን ኃይል ያሳያል። ብዙ ሰው ሊያነሣው የማይችል ድብልብል ድንጋይ ባለበት ወንዝ፣ በበጋ ያለውን ቀጭን ውኃ አይቶ ድልድይ መሥራት አይገባም።

ሦስተኛ፤ ባለማዕዘን አዲስ ድንጋይ ከዓመት ወደ ዓመት በወንዙ ሲበዛ ቢታይ፣ በላይ ያለው የገብስ እርሻ አፈሩ እየተጠረገ ዐለቱ መውጣቱን ያመለክታል። ያን ጊዜ ገበሬው እርከን እንዲሠራ፣ ቀጥ ያለውንም ቁልቁለት ከማረስ እንዲቆጠብ ማድረግ የሹም ተግባር ነው። ድንጋዩ በቅርብ ይቀራልና ያገኙታል፤ አፈሩ ግን በተከዜ አልፎ አገር ለቆ ይሄዳል።